ተመራቂውን ማን ያውቀዋል? ስለ ካሪየር ማዕከላት ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በተመራቂዎችና በመምህራን የቴሌግራም ግሩፖች ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ተመራቂን ለሥራ የሚያዘጋጁትና ከቀጣሪ ጋር የሚያገናኙት የዩኒቨርሲቲዎቻችን የካሪየር ማዕከላት እንዲዘጉ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ «የቀጣሪዎችና የቀድሞ ተማሪዎች አገልግሎት አስተባባሪ» የሚባለው የሥራ መደብ እንዲታጠፍ ይጠይቃል። እኔ የምሠራው እዚያው መደብ ላይ ነው። እንጀራዬ የተነካብኝ ሰው መሆኔን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝና የምለውን በዚያው ልክ ይመዝነው። ጽሑፉ የስድብ ጽሑፍ አይደለም። ከግቢ ወጥተው ዓመት ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ከተቀመጡ ልጆች ብሶት የተቀዳ ነው፤ ብሶቱም እውነት ነው። መደምደሚያው ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተተገበረም ይበልጥ የሚጎዱት ጸሐፊው ሊቆሙላቸው የፈለጉት ልጆች ናቸው።

የጸሐፊው ሙግት አምስት ነጥቦች አሉት። ማዕከላቱ በዓመት አንድ ጊዜ ድንኳን ጥለው የሥራ አውደ ርዕይ ከማዘጋጀት ያለፈ ሥራ የላቸውም፤ በአውደ ርዕዩም የሚቀጠር ሰው የለም ይላሉ። የሥራ ማስታወቂያ ዛሬ በቴሌግራም ቻናልና በድረ ገጽ በየሰዓቱ ስለሚወጣ መሐል ላይ የሚቆም ቢሮ አያስፈልግም ይላሉ። የጠፋው ሥራ እንጂ አገናኝ አይደለም ይላሉ። የቀድሞ ተማሪዎችን ከቅጥር ጋር ማያያዝ ዝምድናን በማኅተም ማጽደቅ ነው ይላሉ። በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ ስለ ተመራቂው ብቃት የሚመሰክረው ፈተናው ነው፤ የማዕከሉ በጀት ወደ ቤተ ሙከራ ይዙር ይላሉ።

ስለ አውደ ርዕዩ የተባለውን በአብዛኛው እቀበላለሁ። ባነር ይሰቀላል፣ ኮፍያና ቲሸርት ይታደላል፣ ተማሪው ሲቪውን በክላሰር ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። ማታ ድንኳኑ ሲነቀል ወንበር ላይ የተረሳ ሲቪ ይለቀማል። ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው «ይህን ያህል ተማሪና ይህን ያህል ድርጅት ተሳተፈ» የሚል ነው። ስንቱ ለፈተና ተጠራ፣ ስንቱ ተቀጠረ፣ ከተቀጠረው ስንቱ ስድስት ወር ቆየ የሚል ዓምድ ያለው ሪፖርት ብዙ አላየሁም። እንዲያውም ጸሐፊው ካቀረቡት የጠነከረ ማስረጃ ልጨምርላቸው። ከዐሥር ዓመት በፊት ገደማ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ወጣት ሥራ ፈላጊዎችንና ቀጣሪ ድርጅቶችን በአውደ ርዕይ አገናኝተው ውጤቱን ተከታትለው ነበር። በቦታው ከተገኙት ድርጅቶች ለየዐሥሩ የተገኘው ቅጥር በአማካይ አንድ ነው።

ተመራማሪዎቹ ግን ቁጥሩን ጽፈው አልተነሡም፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብለው ጠየቁ። ያገኙት መልስ የሁለቱም ወገን ግምት ከገበያው የራቀ መሆኑን ነው። ሥራ ፈላጊው የሚጠብቀው ደመወዝም ሆነ ቀጣሪው ከአመልካቹ የሚጠብቀው ችሎታ ገበያው ላይ ካለው በላይ ነበር። አውደ ርዕዩ ብዙ ቅጥር ባያስገኝም ያንን ግምት አረመ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ፍለጋቸውን አጠናከሩ፤ ትምህርታቸው ዝቅ ያለው ወጣቶችም ውሎ አድሮ የተሻለ የሥራ ውጤት አገኙ።

ጸሐፊው የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው «ይዘጋ» ይላሉ። እኔ ሁለተኛውን ግማሽ ሳነብ የሚታየኝ ሌላ ነው። ግምቱ የሚታረመው ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት መሆን ነበረበት። በዚህ የሙያ መስክ ለጀማሪ ስንት እንደሚከፈል ከአምናና ከካቻምና ተመራቂዎች ጠይቆ ለዘንድሮው ልጅ በግልጽ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ለቀጣሪውም የዘንድሮው ተመራቂ ምን እንደተማረና ምን እንዳልተማረ ሳይሸፋፍን የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ ሁለቱ ድንኳን ሥር የሚገናኙት ተዛዝበው ለመለያየት ነው። ጸሐፊው እንዲታጠፍ የጠየቁት መደብ ሥራው ይህ ነው።

«ሲቪ ማስተካከል ማንንም ሥራ አስይዞ አያውቅም» የሚለው ዐረፍተ ነገራቸው ብዙ ሰው ነጥሎ ያጋራው ነው። ይህንም በአዲስ አበባ የተካሄደ ሌላ ጥናት ይቃወመዋል። ለአንዱ ቡድን ሥራ ፍለጋ የሚመላለስበት የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ። ለሌላው የሲቪና የማመልከቻ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ ዝግጅት ተሰጠው፤ ችሎታውም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ያዘ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨመረ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቶ ነበር፤ ችሎታቸውን ለቀጣሪ ማሳየት የቻሉት ግን ገቢያቸው ከፍ ብሎ፣ በሥራቸውም ላይ ረግተው ተገኙ። የመንገዱ ርቀት እንቅፋት ነው፤ የበለጠው እንቅፋት ግን አለመታወቅ ነው።

አለመታወቅ ምን እንደሚመስል ጠረጴዛዬ ላይ በየዓመቱ ከሚደርሱኝ ሲቪዎች አንዱን ላሳይ። የሲቪል ምህንድስና ተመራቂ ነው። ከላይ «ዓላማዬ ድርጅቱን በታታሪነት ማገልገል» የሚል ከጓደኛ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አለ። ቀጥሎ የትውልድ ቦታ፣ ዕድሜ፣ አንደኛ ደረጃ የተማረበት ትምህርት ቤት። ኢንተርንሺፕ የወጣበት የግንባታ ሳይት በመጨረሻ፣ በአንድ መስመር። «እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» ብዬ ስጠይቀው ከስትራክቸር ድሮዊንጉ (ከግንባታው ንድፍ) ላይ የብረቱን ዝርዝር አውጥቶ ከፎርማኑ ጋር እያመሳከረ፣ ሳይት ላይ የታሰረውን ይቆጥር እንደነበር ይነግረኛል። ተቋራጭ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ልጁ ሳይጽፈው የተወው ትምህርት እንጂ ሥራ ስላልመሰለው ነው። ያንን መስመር ወደ ላይ ማውጣትና በሦስት ዐረፍተ ነገር ማብራራት ወረቀት ማሳመር አይደለም፤ ያለውን ችሎታ ለሚያየው ሰው መግለጥ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ቴሌግራም ነው። ቻናሎቹን አልቃወምም፤ እኛም በየቀኑ እንከታተላቸዋለን። ሶፍትዌር ለተማረ፣ አዲስ አበባ ለሚኖርና ኢንተርኔት ለማይቋረጥበት ልጅ ቻናሉ ሊበቃው ይችላል፤ ይህን ላምን። ነገር ግን ማስታወቂያውን ማየት አንድ ነገር ነው፤ ቦታው ላይ መድረስ ሌላ ነው። «ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ፣ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና ኮፒውን ይዛችሁ በአምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ በአካል ቅረቡ» የሚለውን ማስታወቂያ ቦሌ ያለውም ልጅ፣ ሰቆጣ ወይም ጎባ ያለውም ልጅ እኩል ያነቡታል። ለአንዱ የታክሲ ሒሳብ ነው። ለሌላው የሩቅ መንገድ አውቶቡስ፣ የአልቤርጎ ኪራይ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ የሚል የእናት ጭንቀት ነው፤ ያውም ለመመዝገብ ብቻ። ተፈትኖ ከሆነለት ለቃለ መጠይቅ ደግሞ ይመለሳል።

ጉዳቱ የአመልካቹ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በተሠራ ሌላ ሙከራ ለአንድ የጽሕፈት ሥራ ላመለከቱ ሰዎች ትንሽ የማመልከቻ ገንዘብ ሲሰጥ የአመልካቾቹ ችሎታ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ማመልከት ራሱ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ብቁ የሆኑት ይቀራሉ ማለት ነው። «አመልካች እንደ ጉድ ይጎርፍልኛል» የሚል ድርጅት የቀሩበትን አያያቸውም። አስተባባሪው እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው። ቀጣሪውን አሳምኖ የጽሑፍ ፈተናው ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ያደርጋል፣ የትምህርት ማስረጃውን ሰብስቦ ከሪጅስትራር ጋር አመሳክሮ በአንድ ፖስታ ይልካል፣ የአመልካቹን ስልክ ብቻ ሳይሆን የወንድሙን ወይም የጎረቤቱን ቁጥርም ይመዘግባል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ተመርቆ ገጠር ቤተሰቡ ዘንድ የገባ ልጅ ኔትወርክ የሚያገኘው ገበያ ሲወጣ ነው። የሰው ኃይሉ ክፍል ሁለቴ ደውሎ «ጥሪ አይቀበልም» ሲለው ወደ ቀጣዩ ስም ያልፋል። ቻናል ማስታወቂያ ያደርሳል፤ ልጁ ለምን ቀረ ብሎ መልሶ አይደውልም።

ጸሐፊው ያላነሡት ሌላ ጉዳይ አለ። «ለፎርም» ወይም «ለሥልጠና» ብሎ ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ አድራሻው የማይታወቅ «ድርጅት» ማስታወቂያ እዚያው ቻናል ላይ ከእውነተኛው ጎን ይወጣል። ሴት ተመራቂዎች ማታ ሆቴል ውስጥ ለ«ቃለ መጠይቅ» መጠራታቸውን ሲነግሩን የምናደርገው ነገር ቀላል ነው፤ የንግድ ፈቃዱን እንጠይቃለን፣ ቢሮው ያለበት ድረስ ሰው እንልካለን፣ እዚያ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪ ካለ እንደውላለን። ይህን የሚያደርግ ሰው ከግቢው ይነሣ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም ይከብዳል። ሥራ የለም። ማዕከል ሥራ አይፈጥርም፤ እፈጥራለሁ የሚል ማዕከል ካለ ጸሐፊው ቢተቹት እውነት አላቸው። ግን ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማስታወስ ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን ተመራቂው ሥራ አይፈልግም ነበር፤ መንግሥት ይመድበዋል። ምደባው የራሱ ክፋት ነበረው፤ ግን ከግቢ ወደ ሥራ የሚያሻግር አንድ ባለቤት ነበረ። ያ ሲቀር የተተካ ነገር አልነበረም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ ቀጣሪው መሥሪያ ቤት የመምህሩን ስም ሳይቀር ያውቅ ነበር፤ ለመምህሩ ስልክ ደውሎ ስለ ልጁ ይጠይቃል። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። አዲስ አበባ የተቀመጠ የሰው ኃይል ኃላፊ በቅርቡ የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ምን እንደሚችል በምን ያውቃል? ስለማያውቅ የሚያውቀውን ግቢ ይመርጣል፣ ወይም ነጥብ ቆርጦ ሌላውን ሁሉ ይጥላል፣ ወይም የሚያውቀው ሰው የላከውን ይወስዳል። ሥራ ባነሰ ቁጥር «ያለውን ማን ሰማው፣ ማንስ ታየበት» የሚለው ጥያቄ ይብሳል እንጂ አይቀልም።

ደግሞ በሥራ እጦት መሐል ሰው አጥቶ የሚቀመጥ ቦታም አለ። ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ፋብሪካ ከእኛ ግቢ ተመራቂ መውሰድ አቆመ። ምክንያቱን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ልጆቻችሁ ሦስት ወር አይቆዩም» የሚል ነበር። ፋብሪካው ስንፍና ነው ብሎ ደምድሟል፤ ዲፓርትመንቱ ደመወዙ አንሶ ነው ይል ነበር። እዚያ የሽፍት ኃላፊ ሆና የምትሠራ የእኛ ምሩቅ አለች። እሷን አነጋገርናት። ነገሩ ከሁለቱም ግምት ውጪ ሆኖ ተገኘ። የማታው ሽፍት ሲያልቅ ሰርቪሱ የሚያወርዳቸው አስፋልቱ ዳር ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው መንገድ በጨለማ ያስፈራል። አጠገብ ያሉት ቤቶች የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይጠይቃሉ፤ የመጀመሪያው ደመወዝ ደግሞ የሚመጣው ወር ካለቀ በኋላ ነው። ልጆቹ ተበድረው ይከርሙና ዕዳው ሲከብዳቸው ይለቃሉ። ሴቶቹ ቀድመው።

ይህን ለሰው ኃይሉ ክፍል ስንነግረው አላወቀም ነበር። ሰርቪሱ መንደሩ ድረስ እንዲገባ ተደረገ፤ ለአዲስ ገቢዎች ከደመወዝ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ ተፈቀደ። እሷም አዲሶቹን ቀድመው ገብተው ቤት ተጋርተው ከተከራዩት ጋር ታገናኛቸዋለች። አሁንም የሚለቅ አለ፤ ግን ፋብሪካው ከእኛ መውሰድ ጀምሯል። አንድም አዲስ የሥራ ቦታ አልተፈጠረም። የነበሩት ቦታዎች ግን ሰው አገኙ፤ ያገኙትም የእኛ ልጆች ናቸው።

ይህንን ያመጣሁት የቀጣሪና የቀድሞ ተማሪ አገልግሎት ለምን አንድ ሰው እጅ ላይ መሆን እንዳለበት ስለሚያሳይ ነው። ቀጣሪው ችግሩን ያያል፤ ምክንያቱን አያውቅም። ምክንያቱን የምታውቀው ምሩቋ ናት፤ ግን የሚጠይቃት ካልመጣ ለማን ትናገራለች? በብዙ ግቢ ቀጣሪዎች በካሪየር ማዕከሉ ሥር ናቸው፣ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ በሕዝብ ወይም በውጭ ግንኙነት ሥር፣ የኢንተርንሺፕ ጉዳይ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር ሥር ነው። ሦስቱም የየራሳቸው የስልክ ዝርዝር አላቸው፤ አንዱ ዝርዝር ሌላውን አያውቀውም። የአንድ ትልቅ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ከዚያው ግቢ የወጡ ሰው ሆነው፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፦ አንዱ «ክቡር ቀጣሪ» ብሎ ለአውደ ርዕይ የሚጋብዝ፣ ሌላው «ውድ የቀድሞ ተማሪያችን» ብሎ ለኢዮቤልዩ መዋጮ የሚጠይቅ። ሰውየው አንድ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲያቸው ግን አላወቃቸውም። ጸሐፊው «የቀድሞ ተማሪ የሚታወሰው ለመዋጮ ብቻ ነው» ያሉት እውነት ነው። መፍትሔው ግን አገልግሎቱን ማጥፋት ሊሆን አይችልም። አንድ ሰው ሁለቱንም ዝርዝር ይዞ፣ ማን የት ገባ፣ ማን ቀጣሪ ሆነ፣ መጨረሻ ያነጋገርነው መቼ ነው፣ ምን ቅሬታ ነበረው የሚለውን እየመዘገበ እንዲይዝ ማድረግ ነው።

ወደ አራተኛው ነጥብ፣ ወደ ዝምድናው ልምጣ። ጸሐፊውን በጣም የማከብራቸው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የሚፈሩት ነገር አለ። የሰው ኃይል ኃላፊ የሆነ ምሩቅ ደውሎ «እስቲ ሁለት ጎበዝ ልጆች ላክልኝ» ይላል። አስተባባሪው ማንን ይልካል? የሚያውቀውን ልጅ፣ የአገሩን ልጅ፣ የባልደረባውን ወንድም ሊልክ ይችላል። ይህ ሲሆን አላየንም ማለት አልችልም፤ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። ደንብ የሌለው ማዕከል ከዚህ አያመልጥም።

ለዚህም ነው ደንቡ ከሰው በፊት መቀመጥ ያለበት። የምንሠራበትን ልናገር። ከቀድሞ ተማሪ የመጣ የሥራ ጥቆማ ለመስፈርቱ ብቁ ለሆኑ ተመራቂዎች ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ መልእክት ይላካል፤ ለአንድ ሰው ተነጥሎ አይነገርም። ድርጅቱ ዝርዝር አጥሩልን ካለ ማጥሪያው በጽሑፍ ይሰጣል፣ በሰሌዳ ይለጠፋል፣ የተጣለም ልጅ ለምን እንደተጣለ መጠየቅ ይችላል። በቅጥር ኮሚቴ የሚቀመጥ ምሩቅ በዚያ ዙር ለሚወዳደሩ ልጆች የቃለ መጠይቅ ልምምድ አይሰጥም። ጥብቅ ነው፤ አንዳንድ ምሩቃንም ቅር ይላቸዋል። «ልጅ ልርዳ ብዬ እንዲህ ትይዙኛላችሁ?» ያሉኝ አሉ። ግን ካልጠበቀ የጸሐፊው ትችት እውነት ይሆናል።

ከዚያ ውጪ ግን ጸሐፊውን አጥብቄ የምጠይቃቸው አለኝ። ማዕከሉ ሲዘጋ ዝምድናው ይዘጋል ወይ? አባቱ ባንክ የሚሠራ ልጅ ማዕከል አያስፈልገውም፤ እራት ላይ ይነገረዋል። የትኛው ድርጅት ሰው ሊወስድ እንደሆነ፣ ፈተናው ላይ ምን እንደሚመጣ፣ ለቃለ መጠይቅ ምን ለብሶ እንደሚገባ ቤቱ ይማራል። ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው እሱ የሆነ ልጅ ግን ማንን ይጠይቃል? ጎረቤቱ «ሰው አለህ?» ሲለው የሚጠራው ስም የለውም። ከእሱ በፊት በዚያው ዶርም ያደረ፣ ያንኑ ኮርስ በዚያው መምህር የተማረ፣ ዛሬ ሥራ ላይ ያለ ምሩቅ ለዚህ ልጅ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው። የቀድሞ ተማሪዎች አገልግሎት ያንን ሰው ለሁሉም እኩል ያደርሰዋል። ይህ ሲታጠፍ በስውር የሚሠራው መስመር ይቀራል፤ የሚጠፋው በግልጽ የሚሠራው ብቻ ነው።

ምሩቅ የሚጠቅመው ለቅጥር ብቻ እንዳልሆነም ጽሑፉ ዘንግቶታል። በውጭ አገር ያሉ ምሩቃን እዚህ ማንንም አይቀጥሩም፤ ግን እሑድ ማታ በዙም ተቀምጠው ከተመራቂ ክፍል ልጆች ጋር የእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ይለማመዳሉ። ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ልጅ «ስለ ራስህ ንገረኝ» ሲሉት ከስምና ከትውልድ ቦታ አልፎ እንዲናገር ያለማምዱታል። እዚህ ዝምድናው የቱ ላይ ነው?

ምሩቃኑን ማግኘት ራሱ ሥራ መሆኑንም ልጨምር። ሪጅስትራር ያለው ስልክ ልጁ ሲገባ የሰጠው ነው፤ ሲም ካርዱ ከተቀየረ ቆይቷል። አብዛኞቹ የሚገኙት በየባቹ የቴሌግራም ግሩፕ፣ በቀድሞው የክፍል ተወካይ በኩል ነው። ተወካዩን አግኝቶ፣ አሳምኖ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝርዝሩን የሚያድስ ሰው ካልተመደበ ዩኒቨርሲቲው ልጁን ባስመረቀ በዓመቱ የት እንዳለ አያውቅም።

የመውጫ ፈተናውን በአጭሩ ልለፈው። ጥሩ ነገር ነው፤ ዝቅተኛ መስፈርት አስቀምጧል። ግን 50 ከመቶ ያመጣ ሁሉ ስለሚያልፍና ካላለፈ ስለማይመረቅ፣ ለቀጣሪው በተመራቂና በተመራቂ መካከል ያለውን ልዩነት አይነግረውም። ሰዓት ማክበርን፣ ከሰው ጋር መሥራትን፣ ሳይት ላይ ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግም አይለካም።

በጀቱን በተመለከተ፣ ቤተ ሙከራዎቻችን ተርበዋል፤ ሪኤጀንት (የሙከራ ኬሚካል) ያለቀበት፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ዓመት የተሸፈነበት ክፍል አውቃለሁ። ከማዕከሉ ወጪ ውስጥ የድንኳኑ፣ የባነሩና የመስተንግዶው ይቀንስ፤ ወደ ቤተ ሙከራ ይሂድ፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የአስተባባሪው ደመወዝና የስልክ ካርድ ግን ለቤተ ሙከራው ራሱ ያስፈልገዋል። ምሳሌ ላምጣ። የምህንድስና ተማሪ ኢንተርንሺፕ ጨርሶ ሲመጣ የድርጅቱ ሱፐርቫይዘር የሞላው የግምገማ ቅጽ በታሸገ ፖስታ ይደርሳል። ዲፓርትመንቱ ከፍቶ ነጥቡን ይመዘግባል፣ ቅጹ ፋይል ይገባል። ከነጥቡ ግርጌ «አስተያየት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሱፐርቫይዘሮች በእጃቸው የሚጽፉትን ሰብስቦ ማንበብ ብቻ ብዙ ያስተምራል፦ «ድሮዊንግ ማንበብ ይከብደዋል»፣ «ሞተር ከሥዕል ውጪ አላየም»፣ «ኤክሴል ላይ ጎበዝ ናት፣ ማሽኑን መንካት ትፈራለች»። ከተለያዩ ድርጅቶች አንድ ዓይነት ቃል ሲደጋገም፣ የትኛው መሣሪያ መጀመሪያ መገዛት እንዳለበት ለዲኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ያንን አስተያየት የሚሰበስበው፣ ወደ ድርጅቱ ደውሎ «ዘንድሮስ?» ብሎ የሚጠይቀው፣ መሣሪያ የቀየረ ፋብሪካ አሮጌውን ለቤተ ሙከራው እንዲሰጥ እዚያ ያለውን ምሩቅ የሚለምነው ማን ነው?

ስለዚህ ለጸሐፊውም ለዩኒቨርሲቲዎች አመራርም ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። የማዕከላቱ ዓመታዊ ሪፖርት የተሳታፊ ብዛት መቁጠሩን ይተውና አራት ነገር ያሳይ፦ በማዕከሉ በኩል ስንት ተመራቂ ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ ተጠራ፣ ስንቱ ተቀጠረ፣ ከተቀጠሩት ስንቱ በስድስት ወሩ እዚያው ሥራ ላይ ተገኘ፣ ከተቀጠሩትስ ስንቱ ከገጠር ቤተሰብ የመጣና ስንቷ ሴት ናት። ዝርዝሩ ስም ሳይጠቀስ ግቢው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ተማሪው ያንብበው፣ መምህሩ ይጠይቅበት። አንድ ማዕከል ሰውና ስልክ ተሰጥቶት፣ ሁለቱም ዝርዝር በእጁ ሆኖ፣ ሁለት ዓመት ሠርቶ እነዚህ ዓምዶች ባዶ ከሆኑ፣ ይዘጋ ብለው ሲጽፉ እኔም አብሬ እፈርማለሁ።